ሌሊት የዱር እንስሳ ለማየት ምን ዓይነት ባትሪ ልያዝ?

(አዲስ አበባ ውስጥ ለተጓዦች ስብስብ ካደረግኩት የምሽት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ትራፊኩን ታግሳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አብረን እንሞክር። እባካችሁ መብራቱን አጥፉልኝ። እሺ። በሩ አጠገብ አንድ ሰደርያ ሰቅያለሁ። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት፣ ብርማ መስመር ያለበት። ይህችን ትንሽ የእጅ ባትሪ ወገቤ ላይ ይዤ ወደዚያ ላብራ። ምን ይታየኛል? ግራጫ ጨርቅ። አሁን እጄን ብቻ ላንሳ። ባትሪዋ ያችው ናት፣ ብርሃን አልጨመርኩም። ጆሮ ግንዴ ላይ፣ ዓይኔ አጠገብ አደረግኳት። መስመሩ እሳት መሰለ!

እናንተ ግን አሁንም የምታዩት ግራጫ ጨርቅ ነው አይደል? መስመሩ ብርሃኑን የሚመልሰው ወደ መጣበት ብቻ ስለሆነ ነው። ባትሪው ያለበት ቦታ ዓይን ከሌለ ብርሃኑ ማንም ሳያየው ይቀራል። ባትሪዋን አቀባብሉ፣ እያንዳንዳችሁ መጀመሪያ ወገባችሁ ላይ፣ ቀጥሎ ዓይናችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ሞክሩ። እኔ እቀጥላለሁ።

የጅብ ዓይን፣ የድመት ዓይን፣ የድኩላ ዓይን የሚሠራው ልክ እንደዚያ መስመር ነው። ከዓይናቸው ሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ክፍል) ጀርባ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን አለ። ገብቶ ያመለጠውን ብርሃን መልሶ በሬቲናው በኩል ያሳልፈዋል። እንስሳው ያቺኑ ጥቂት ብርሃን ሁለት ጊዜ ይጠቀምባታል ማለት ነው። የተረፈው ተመልሶ ይወጣል። ጨለማ ውስጥ ሲያበራ የምናየው ያንን የተረፈውን ነው።

ሁሉም እንስሳ ይህ የለውም። እኛ የለንም። ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጭላዳ የላቸውም። የአሳማ ወገኖችም የላቸውም። ስለዚህ የዱር አሳማ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ዓይኑ ላይበራ ይችላል። ጅብ፣ ቀበሮ፣ አነር፣ ሸለምጥማጥ፣ ጥርኝ፣ አጋዘን፣ አዞ ግን አላቸው። ላምና አህያም እንዲሁ። ሌሊት "ጅብ ነው!" ብሎ የተጯጯኸ ስንቱ ሰው ጠጋ ሲል ያገኘው የጎረቤት አህያ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። እንስሳው ራሱ ብርሃኑን ይመልስልናል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ጫካውን ቀን የሚያደርግ ባትሪ አይደለም። ወደ ዓይናችን ተጠግቶ የሚያዝ፣ ብርሃኑ ሰብሰብ ያለ፣ በጣም ዝቅ ማለት የሚችል ትንሽ ባትሪ ነው። ሱቅ ስትገቡ የሚነግሯችሁ የዚህን ተቃራኒ ነው። "ይሄ ይበልጣል፣ ይሄ ዐሥር ሺህ ሉመን ነው" ይሏችኋል።

ይህ የገባኝ አዋሽ ፓርክ ነው። ከፈንታሌ ተራራ ብዙ ሳንርቅ አድረን ነበር፣ ዘጠኝ ሰዎች ሆነን። እራት በልተን ስናበቃ ከስካውቱ፣ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር በሰፈሩ ዙሪያ ትንሽ ልንዞር ወጣን። ሁላችንም ኃይለኛ ባትሪ ይዘናል። ዘጠኝ ባትሪ በአንድ ላይ ሲበራ አስቡት። ግራሩ ነጭ ሆነ፣ አቧራው ነጭ ሆነ፣ እርስ በርሳችን ዓይናችንን አጠፋፋን። ግማሽ ሰዓት ዞርን። አንድ ነገር አላየንም።

ስካውቱ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዝም ብሎ ሲከተለን ቆየና "ልጆች፣ እስቲ አጥፉት" አለን። አጠፋን። "ተቀመጡ" አለን። ተቀመጥን። መጀመሪያ ምንም አይታይም ነበር። ቀስ በቀስ የዛፎቹ ጫፍ ከሰማዩ ተለየ። ቀጥሎ መንገዱ ታየ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ ይታየኝ ጀመር። ያኔ ከመካከላችን አንዷ ግንባሯ ላይ ያሰረችውን ባትሪ በመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ አብርታ ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ አዞረች።

ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ነጥብ በራ። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ። አይንቀሳቀስም። ብርሃኗን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገችና ዳርዳሩ ብቻ እንዲነካው ተወችው። ሸለምጥማጥ ነበር። ቅርንጫፉ ላይ ሆዱን አስተኝቶ፣ ያቺ ባለ ቀለበት ረጅም ጭራው ወደ ታች ተንጠልጥላ። ጎኑ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እሱ አየን። እኛም አየነው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የፊት እግሩን አንስቶ ይልስ ጀመር። እንደ ቤት ድመት። አምስት ደቂቃ ያህል አብረን ቆየን። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው አልተነፈሰም ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ወዲህ ባትሪ ስመርጥ የማየው ነገር ተቀየረ። መጀመሪያ የምጠይቀው "ዝቅተኛው ስንት ነው?" ብዬ ነው።

ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ እንነጋገር፣ ሱቅ ውስጥ የሚያደናግሩት እነሱ ናቸውና። ሉመን ማለት ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ አይናገርም። አንድ የቤት አምፖል 800 ሉመን ሊኖረው ይችላል፣ ነገር ግን ሜዳ መካከል ብትሰቅሉት ሩቅ አያሳያችሁም። ካንዴላ ደግሞ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይናገራል። ለሩቅ እይታ ዋናው እሱ ነው።

ካርቶኑ ላይ "200 ሜትር ይደርሳል" የሚለው ጽሑፍም ከካንዴላው የሚሰላ ነው። የካንዴላውን ስኩዌር ሩት ወስዶ በሁለት ማባዛት ነው። 2,500 ካንዴላ 100 ሜትር ይሆናል፣ 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር። ግን ያ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ እወቁ። ብርሃኑ እስከ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን የሚቀንስበት ቦታ ነው። በጨረቃ ብርሃን 200 ሜትር ላይ የቆመ እንስሳ ምን እንደሆነ ለይታችሁ ታውቃላችሁ? አይመስለኝም። እኔ የተጻፈውን ርቀት ለግማሽ አካፍዬ ነው የማምነው።

ከሒሳቡ ሌላም ነገር ይወጣል። ርቀቱን በእጥፍ ለመጨመር አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 500 ሉመኑን ትታችሁ ባለ 1,000ውን ብትገዙ ሁለት እጥፍ ሩቅ አታዩም። በዚያ ላይ ትንሽ ባትሪ ያንን ትልቅ ቁጥር የሚችለው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ይግልና ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ባይቀንስ እጃችሁን ያቃጥል ነበር።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ለፍለጋ ከ200 እስከ 400 ሉመን፣ ብርሃኑ ሰብሰብ ያለ። ለመራመድና ድንኳን ውስጥ ለመንቀሳቀስ ከ5 ሉመን ያነሰ ደረጃ ያለው። ከ1 ሉመን በታች የሚወርድ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። አብዛኛው ርካሽ ባትሪ "ዝቅተኛ" የሚለው ራሱ 50 ወይም 100 ሉመን ነው። ያ ለለመደ ዓይን ብዙ ነው። ዓይናችን ጨለማ ለመልመድ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ኃይለኛ ብርሃን ካየ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ማብሪያው ላይም ቆም በሉ። አንዳንዱ ባትሪ ሲበራ በትልቁ ብርሃን ይጀምርና ወደ ትንሹ ለመድረስ ሦስት ጊዜ መጫን አለባችሁ። መሐል ላይ ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል ደረጃ አለ። እንስሳ ፊት ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት። በአንድ እጅ፣ ሳታዩት፣ ዝቅተኛው ላይ ማብራት ከቻላችሁ ያ የእናንተ ነው።

የብርሃኑ ቀለምም ለውጥ ያመጣል። ሰማያዊ የሚመስለው ነጭ ብርሃን ካርቶኑ ላይ 6,500 ኬልቪን ተብሎ ይጻፋል። እኔ ወደ 4,000 ወይም 5,000 የሚጠጋውን፣ ትንሽ ሞቅ ያለውን እመርጣለሁ። ቡናማ ፀጉር ቡናማ ሆኖ ይታያል። በእስስት ላይ ብታዩት ይገባችኋል። እስስት ሌሊት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝታ ቀለሟ ይፈዛል፣ ከቅጠሉ ፈዝዛ ትለያለች። ቀን በአጠገቧ አልፋችሁ ያላያችኋትን ሌሊት በቀላሉ ታገኟታላችሁ። ዓይኗ አያበራም፣ የሚያሳያችሁ ቀለሟ ነው።

ቀይ ብርሃንስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደ ዓይናችንን ብዙም አይጎዳም፣ ለዚያ ጥሩ ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳትም ቀይን እንደ እኛ አጥርተው አያዩም። ግን አያዩም ማለት አይደለም፣ ኃይለኛ ከሆነ ያዩታል። ወፎች ደግሞ በደንብ ያዩታል። ስለዚህ ቀይ ስለሆነ ብቻ ጉጉት ፊት ላይ ማብራት ይቻላል ብላችሁ አታስቡ። ሌላም አለ። በቆላ መንገድ ላይ እፉኝት ይተኛል። ዓይኑ እንደ ጅብ አያበራላችሁም፣ መልኩም በቀይ ብርሃን ከአፈሩ አይለይም። ስትራመዱ እግራችሁ ሥር ነጭ ብርሃን፣ ዝቅ ያለ። ቆማችሁ ስታዩ ቀይ። በዚህ አልደራደርም።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንሂድ። ያው እኛ መብራቱንም ባትሪ፣ ውስጡ የሚገባውንም ባትሪ እንላለን። እንዳንደናገር ዛሬ የውስጡን እንደ ድሮው ድንጋይ ልበለው። ሁለት ዓይነት ምርጫ አላችሁ። አንዱ በየኪዮስኩ የሚሸጠው የተለመደው የሬዲዮና የሪሞት ድንጋይ ነው። ሌላው 18650 የሚባለው፣ ቻርጅ የሚደረገው ሊቲየም ነው። ስሙ መጠኑ ነው፦ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። አንዱ ሊቲየም የሚይዘው ጉልበት ከአንድ ትንሽ የኪዮስክ ድንጋይ ብዙ እጥፍ ነው፣ ክብደቱ ግን 50 ግራም አይሞላም።

እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ። ዋናው የእጅ ባትሪዬ ባለ 18650 ነው፣ በመኪና ዩኤስቢ ቻርጅ የሚሆን፣ ግን ድንጋዩ የሚወጣ። ድንጋዩ የማይወጣውን ትንሽ ባትሪ አልመክርም፣ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ድንጋዩ ሲደክም ሙሉ ዕቃው ይጣላልና። ግንባር ላይ የማስረው ደግሞ በኪዮስክ ድንጋይ የሚሠራ ነው። መብራት ከሌለበት ቦታ ሦስት ቀን ብንቆይ ከትንሿ ከተማ ገዝቼ እቀጥላለሁ።

ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ 9,800 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh፣ ድንጋዩ የሚይዘው ቻርጅ) የሚል 18650 ገዛሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ሌሊት ሳይሞላ አለቀ፣ እስክንመለስም ጨለማ ውስጥ ቀረን። በኋላ ሳጣራ በዚያ መጠን የሚሠራ ጥሩ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 እስከ 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው የሚይዘው። ከዚያ በጣም የበለጠ ቁጥር ካያችሁ አትግዙት። ሐሰተኛ ሊቲየም ጨለማ ውስጥ ከማስቀረትም አልፎ እሳት ሊያነሳ ይችላል።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ አምጡልን ብላችሁ የምታዙ ካላችሁ ይህን ንገሯቸው። ትርፍ ሊቲየም ድንጋይ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ጫፎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ባትሪው ራሱም ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ እንዳይበራ የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል አላልተው ይያዙት። እኔ በየጉዞው እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ቦርሳ ውስጥ ሲበራ የሚቆይ ባትሪ ጨርቅ እስኪያቃጥል ይግላል።

ባሌ የምትሄዱ ሰዎች ብርዱን አስቡ። ሳነቲ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ናችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሌሊት ውሃ ይረጋል። የኪዮስኩ ተራ ድንጋይ በዚያ ብርድ ጉልበቱ በጣም ይቀንሳል። ሊቲየም ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ጃኬት ውስጥ ደረት ላይ ይሁን። ስትተኙም ይዛችሁት ተኙ።

ባሌ ሌላም ትምህርት ሰጥቶኛል፣ ጉም። ጉም ሲኖር ግንባር ላይ ያለ ባትሪ ነጭ ግድግዳ ይሆንባችኋል። ብርሃኑ ከጠብታዎቹ ላይ ተንጥሮ ቀጥታ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል። ቅድም ዓይናችሁ አጠገብ አድርጉት ያልኳችሁን ያኔ ተዉትና ባትሪውን ወደ ወገብ አውርዱት። ዓይን ፍለጋው ይቀርባችኋል፣ መንገዱ ግን ይታያችኋል። ለዚህ ነው የግንባርና የእጅ ሁለቱ ያስፈልጋሉ የምለው።

ቀይ ቀበሮን ሌሊት አትፈልጉ። ይህን በአክብሮት እለምናችኋለሁ። በዓለም ላይ የቀሩት ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም። ቀን አይጥ ሲያድኑ ይውላሉ፣ ሌሊት ሜዳ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ፀሐይ ላይ የምታዩትን እንስሳ ከእንቅልፉ መቀስቀስ ምን ያደርግላችኋል?

ሐረር ከሄዳችሁም ባትሪያችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅቦቹ በየምሽቱ ይመገባሉ፣ ሰው ለምደው ነው። የሚመግባቸው ሰው የሚያዘውን ብርሃን ብቻ ተጠቀሙ። የዘጠኝ ቱሪስት ባትሪ በጅብ ዓይን ላይ ማብራት የሰውየውንም እጅ አደጋ ላይ ይጥላል።

እንስሳ ስታገኙ ብርሃኑን ዓይኑ ላይ አትትከሉ። ዳርዳሩን አስነኩት። ጭንቅላቱን ካዞረ፣ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ከደነገጠ አጥፉት። ጥንቸል ወይም ሚዳቋ ዓይኗ ተወግቶ ስትደነዝዝ በአቅራቢያ ያለ ጅብ ያገኛታል፣ ያን ያደረግነው እኛ ነን። ጅቡም ሲያድን እየተከተልን ብናበራበት ራቱን እናሳጣዋለን። ፓርክ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ሌሊት መንቀሳቀስ የሚቻልበትን ደንብ በር ላይ ጠይቁ፣ ያለ ስካውት አትውጡ።

በመኪና ስትሄዱም እንዲሁ ዝግ በሉ። ናይትጃር የሚባሉ ወፎች ሌሊት የአፈር መንገድ ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ከመሬት ተለጥፎ እንደ ፍም ያበራል። በ1990 ነጭ ሳር ሜዳ ላይ ተመራማሪዎች አንዲት የሞተች ወፍ መንገድ ላይ አገኙ። ደህና ሆኖ የተረፈው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ከዚያች ክንፍ ተነስተው በ1995 አዲስ ዝርያ ብለው መዘገቧት። የነጭ ሳር ናይትጃር ናት። ያን ያህል ብርቅ ወፍ እኛ በምንነዳበት መንገድ ላይ ትቀመጣለች። ከሩቅ ፍም ካያችሁ ፍሬን ያዙ።

ዓይን ስታዩ ምን እንደሆነ እንዴት ትለያላችሁ? ቀለሙን ብዙ አትመኑ፣ አንዱ እንስሳ ጭንቅላቱን ሲያዞር ከአረንጓዴ ወደ ብጫ ሊቀየር ይችላል። ከመሬት ስንት ከፍ እንዳለ እዩ። ሁለቱ ዓይኖች አብረው ካፈጠጡባችሁ አዳኝ የመሆን ዕድሉ ይበዛል፣ ዓይኑ ወደ ፊት ነውና። አንድ ዓይን ብቻ እየጠፋ እየበራ ከሆነ ዓይኑ በጎን ያለ፣ ሣር የሚግጥ እንስሳ ሊሆን ይችላል። ዛፍ ላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ከዘለለ በቆላ ግራር ውስጥ ጋላጎ የሚባል ትንሽ የሌሊት እንስሳ ሊሆን ይችላል፣ እጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ የሚያክል፣ ዓይኑ ግን ፊቱን የሞላ። ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ቀይ ካበራ አዞ ነው፣ ከዳሩ ራቁ።

በር አጠገብ ያለችው እህቴ "ስልክ አይበቃም ወይ?" ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለጉዞ አይበቃም። ብርሃኑ ተበታትኖ ጥቂት ሜትር ላይ ያልቃል፣ ዝቅ ማለትም ብዙ አይችልም፣ የምትደውይበትንም ቻርጅ ይበላል። ለመለማመድ ግን ይበቃል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ግቢው ውስጥ አምፖሉን አጥፉና ትንሽ ቁሙ። ከዚያ የስልኩን መብራት ጆሮ ግንዳችሁ ላይ አድርጋችሁ ሣሩን ቃኙ። ድመት ካለች ወዲያው ታይዋታለሽ። ድመት ከሌለችም ብዙ ጊዜ ሣሩ መሐል ጠል የመሰለ ጥቃቅን ብልጭታ አለ። እጅሽን ወደ ታች ስታወርጂው ይጠፋል፣ ስታነሺው ይመለሳል። ብርሃኑን ሳታርቂ ቀስ ብለሽ ጠጋ በይና ጎንበስ ብለሽ እዪው። ሸረሪት ናት፣ እሷም ታይሻለች።